አሮጌ ዲኤክስ ወደ ጋዝ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ማስቀየር ያዋጣል?

የአዌቱ ልጅ (ጅማ)፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡልኝ።

ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፣ የ1983 ሥሪት። በፈረንጅ ነው። 1,300 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)፣ ማንዋል። ከአባቴ የወረስኳት ናት። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ዕቁብ ወጥቶለት ነው የገዛት። ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ ነጭ ይላል። እኔ ግን ነጭ ሆና አላስታውሳትም። የጅማ ቀይ አፈር አንዴ ከያዘ መቼ ይለቃል።

እዚሁ ጅማ መርካቶ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ሰቃና ሰርቦ ላሉ ትንንሽ ሱቆችም አደርሳለሁ። አንዳንድ ቀን ከከተማ አልወጣም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለቴ እመላለሳለሁ። ሲደመርና ሲካፈል በቀን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወር 26 ቀን እሠራለሁ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ጭንቀቴ ቤንዚን ነው። ሊትሩ 100 ብር ካለፈ ወዲህ ደብተር የምሸጠው ለማደያው ይመስለኛል። ዋጋውስ ይሁን፤ አለመገኘቱ ነው የባሰው። ባለፈው ወር ሁለት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ተሰልፌአለሁ። አንዱን ቀን ከፊቴ ሰባት መኪና ሲቀር «አልቋል» ተባለ። ከሰልፉ ወጥቼ ትንሽ እንደነዳሁ አንድ ልጅ በሃይላንድ ይዞ ቆሟል። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ አሳፋሪ ነው፣ ከፍያለሁና።

ደግሞ ትጠጣለች! ሞልቼ ሰቃ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩና መልሼ ሞላሁ። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ነው የሄደችው። በወር 97 ሊትር መሆኑ ነው።

እስካሁን የመከሩኝ እነዚህን ነው። የአጎቴ ልጅ «ወደ ጋዝ አስቀይራት፣ ውጭ አገር ታክሲው ሁሉ በጋዝ ነው» ይላል። ጋዝ ስል ነጭ ጋዝ ማለቴ አይደለም፤ የምግብ ማብሰያውን ነው። እዚሁ ከተማ አንድ በያጅ የወጥ ቤት ሲሊንደር ከኋላ ኮፈን ውስጥ አስሮ በጎማ ቱቦ ሊያገናኝልኝ ተስማምቷል። ሁለት ቀን ነው የሚፈጅብኝ ብሏል። ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ «ሞተሯን አውጥተህ ኤሌክትሪክ አድርጋት» አለኝ። ሚስቴ «ሽጣት» አለች። ሚስቴን ገና አልመለስኩላትም።

ያደረገው ወይም በቅርብ ያየ ሰው ካለ ንገሩኝ። ያዋጣል? ወይስ የአሮጌ መኪና ፍቅር አናቴ ላይ ወጥቶ ነው?

ሽማግሌው መፍቻ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ያንን በያጅ ተሰናበተው። ዛሬውኑ።

ጋራዥ ውስጥ 31 ዓመቴ ነው። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ጣሊያን አገር ነው የሠራሁት። እዚያ መኪና ወደ ጋዝ መቀየር የዕለት ሥራችን ነበር። ስለዚህ ጋዝ ጠላሁ ብለህ አትየኝ። በደንብ የተገጠመ ጋዝ ጥሩ ነው። ሞተሩ ፀጥ ይላል፣ ዘይቱ ቶሎ አይጠቁርም፣ ጭሱ ይቀንሳል።

የወጥ ቤት ሲሊንደር ግን የመኪና ታንክ አይደለም። የመኪናው ታንክ ሲሞላ 80 በመቶ ላይ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አለው። ለምን? ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ሲሞቅ ያብጣል። የሚያብጥበት ቦታ ካጣ ብረቱን ይገፋል። ቱቦው ቢበጠስ የሚዘጋም አለው። የወጥ ቤቱ ይህ ሁሉ የለውም። ደግሞ ጋዙ ከአየር ይከብዳል። ሲፈስ ወደ ላይ አይበንም፤ ወለል ላይ ይተኛል። ኋላ ኮፈን ውስጥ ተኝቶ የኋላ መብራት ገመድ ብልጭታ ይጠብቃል። አንተ ደግሞ ከሲሊንደሩ አጠገብ ደብተር ትጭናለህ! ወረቀት!

ሌላም አለ። ምድጃ ከሲሊንደሩ የሚወስደው ከላይ ያለውን ትነት ነው፣ ትንሽ በትንሽ። ሞተር ያ አይበቃውም። መኪና ላይ ከታንኩ የሚወጣው ፈሳሹ ነው። ከራዲያተሩ በሚመጣ ሙቅ ውኃ የሚሞቅ መቀነሻ ውስጥ ገብቶ ነው እንፋሎት የሚሆነው። በምድጃው መንገድ ብታስገጥመው ዳገት ላይ ሲሊንደሩ ራሱ ውርጭ ያወጣል፤ መኪናዋም ትሞትብሃለች።

እሺ፣ በደንብ ብታስገጥመውስ? ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 12.5 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ጉልበቱ 18 ሊትር ቤንዚን ያህላል። አንተ በወር 97 ሊትር ታቃጥላለህ። ከአምስት ሲሊንደር በላይ ነው። እስቲ ጅማ ላይ በየወሩ አምስት ሲሊንደር ጋዝ ከየት ታመጣለህ? ለመኪና ጋዝ የሚቀዳ ማደያ ደግሞ ከአጠገብህ የለም። ከቤንዚን ሰልፍ ወጥተህ ጋዝ ሰልፍ ነው የምትገባው።

ሥራ የሚያስፈታኝ ነገር ልንገርህ፤ የአንተ ችግር ቤንዚን አይመስለኝም። 1,300 ሲሲ ዲኤክስ በሊትር 8 አትሄድም። በሽተኛ ናት። ነገ ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ አንድ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የምትሰጠዋን) አስፈታና ጫፉ ምን ቀለም እንደሆነ እዚህ ጻፍልኝ።

የአጋሮ ሹፌር፦

ጋሼ ሁሉንም በትክክል ተናግረዋል። ግን እኛ መስመር ላይ ያለነውስ? እኔ አጋሮ ጅማ ነው የምሠራው። ቤንዚን ከጠፋ ቀኔ ሞተ። ሁለት ነዳጅ የምትጠጣ መኪና ብትኖረኝ አንዱ ሲጠፋ በሌላው እሠራለሁ። ዋጋው እኩል ቢሆንም እንኳ ያዋጣኛል። ቆሞ ከመዋል ምን ይብሳል?

ሽማግሌው መፍቻ፦

የአጋሮው፣ ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። ጋዝ የገባላት መኪና ቤንዚኗ አይነቀልም፤ በማብሪያ ማጥፊያ ነው የምትቀያይረው። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳና ጋዝ የሚቀዳበት ቦታ ላለው ሰው «አድርግ» እለዋለሁ። ግን ሁለቱንም አስብ። ጋዝ ደረቅ ነው፤ ባረጀ ሞተር ላይ የቫልቮቹን መቀመጫ ይበላል። ቫልቩን በየጊዜው ማስለካት ነው። ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ከደከመ ደግሞ ጋዙ ወደ ኋላ ይፈነዳል፤ የአየር ማጣሪያውን ቤት ሲሰነጥቀው አይቻለሁ። ቦሎ ስታሳድስም ሊብሬህ «ቤንዚን» እያለ ኮፈን ውስጥ ሌላ ነገር ሲታይ ጥያቄ ይመጣል። ቀድመህ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ። ከተገጠመ በኋላ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

ገለባ፦

ጅማ ተቀምጣችሁ ስለ ጋዝ ታወራላችሁ? የቡና ገለባው ተራራ አክሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፓ ቤንዚን ሲጠፋ እንጨት እያጨሱ መኪና ነድተዋል፤ ጀርመኑም ስዊድኑም። ከመኪናው ኋላ በርሜል ተተክሎ፣ እንጨቱ አየር እየተቆጠበለት ሲጤስ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ሞተር እየላኩ። እኛ ለምን በገለባ አንነዳም? ግማሽ ቀልዴን ነው። ግማሹ ግን የምሬን ነው።

ቂጦ፦

ገለባ፣ ሳቅኩ። ግን መልስ አለው። አንድ ሊትር ቤንዚን ለመተካት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የደረቀ እንጨት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከጉልበቱ ሲሶውን ወይም ግማሹን ያጣል። የቡና ገለባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አመዱ ፖታሲየም ይበዛበታል፣ ቶሎ ይቀልጥና በርሜሉ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ለምድጃ ጡብ አድርጋችሁ ጨምቁት። በርሜል ተሸክሞ የጊቤን በረሃ ሽቅብ ለመውጣት ግን ስንቅ መያዝ ነው።

እኔ የመጣሁት ስለ ኤሌክትሪኩ ልመልስ ነው። እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቂጦ ፉርዲሳ የቴክኖሎጂ ግቢ ነው የተማርኩት፤ አሁን አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ላይ ነኝ።

ወንድሜ የአዌቱ ልጅ፣ መኪናህ ለመቀየር ከሚመቹት ናት። ቀላል ናት፣ አንድ ቶን አትሞላም። ኮምፒውተር የላትም፤ የሚኮርፍ ነገር የለም። ሞተሩ ወጥቶ በቦታው ኤሌክትሪክ ሞተር በአንድ ብረት ሳህን ከካምቢዮው ጋር ይታሰራል። ማርሹ እንዳለ ይቀራል።

ባትሪው ነው ጉዳዩ። እንዲህ ያለች መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች። 20 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ብታስገባ በወረቀት 130፣ በእኛ መንገድ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር በለው። ለአንተ 30 ኪሎ ሜትር ሦስት ቀን ይበቃል። ክብደቱ 150 ኪሎ አካባቢ ነው። ቤት ካለው ሶኬት፣ 220 ቮልት 10 አምፔር፣ ከባዶ ለመሙላት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ማታ ሰክተህ ጠዋት ትነቅላለህ። መብራት ካልሄደ። (ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ የምታልፉት ግልገል ጊቤ አንድ፣ 184 ሜጋ ዋት ነው፤ ጎረቤታችን ነው። ቢሆንም የማታውን ፋኖስ አልጣልንም።)

ሰው የማያስበው ፍሬኑን ነው። ፍሬን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዝህ የሞተሩ መሳብ ነው። ሞተሩ ሲወጣ መሳቡም አብሮ ይወጣል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሳቢያ ፓምፕ ካልተገጠመ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። አንድ ደንበኛ ሠፈር ውስጥ አስቀይሮ አመጣልኝ። ፔዳሉን በሁለት እግሬ ነው የረገጥኩት። 150 ኪሎ ባትሪ ከኋላ ሲጫን ደግሞ ባሌስትራውና ሞላው አብሮ ይታያል።

ያዋጣል? ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፤ ያገለገለውም ገበያ ላይ ወጥቷል። የባትሪ፣ የሞተር፣ የመቆጣጠሪያና የቻርጀር ወጪ ከነእጅ ዋጋው ሲደመር ከ40 ዓመት ዕድሜ ካላት መኪና ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ሲያልቅ በእጅህ ያለው አዲስ ሞተርና ያረጀ ቦዲ ነው። ከታችዋ ዝገት ካላት እኔ አልነካትም። ለፍቅር ከሆነ ግን ሌላ ነው። ፍቅር ሂሳብ የለውም።

ከተጋጨ መኪና የወጣ ባትሪ በርካሽ አለ ካሉህ ግን እሺ እንዳትል። ውስጡ የተጎዳ ባትሪ ከወር በኋላ ሌሊት ግቢ ውስጥ ሊነድ ይችላል።

የፊንጫ ልጅ፦

ስለ ኢታኖል ማንም አላነሳም። እኔ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው ያደግሁት። ከሞላሰሱ የሚወጣው አልኮል ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2003 ወደ 10 ከፍ አለ። ለ10 በመቶ መኪና መቀየር አያስፈልግም። ግን አሮጌ መኪና ላይ የጎማ ቱቦውንና የካርቡራተሩን ጉርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ያለሰልሳል። የአባቴ መኪና ቱቦ እንደ ማስቲካ ሆኖ ነበር።

ሙሉ በሙሉ በኢታኖል መንዳት ከተባለ ምሳሌዋ ብራዚል ናት። በፈረንጅ በ1979 ፋብሪካ ሠርቶ ያወጣው የመጀመሪያው የኢታኖል መኪና ፊያት 147 ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያ ከሚሸጠው አዲስ መኪና አብዛኛው የኢታኖል ሆነ። 1980ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ኢታኖሉ ጠፋ። ሰዉ መኪናውን ይዞ ተሰለፈ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ዘወር ብሎ አላየውም። መኪናው ምንም አልነበረበትም። የጠፋው የሚጠጣው ነው። አዌቱ፣ አንተም መጀመሪያ የሚጠጣውን አግኝ፣ ከዚያ መኪናዋን ቀይር።

የአዌቱ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በያጁን ተሰናብቼዋለሁ። ተቀይሟል፤ «ፈሪ ነጋዴ» ብሎኛል።

ጋሼ፣ ካንዴላውን አስፈታሁት። ጥቁር ነው። የጀበና ቂጥ ነው የሚመስለው። በጣቴ ስነካው ጥላሸቱ እንደ ዱቄት ለቀቀ። አራቱም እንዲሁ ናቸው።

ሽማግሌው መፍቻ፦

አልኩህ! ትርፍ ቤንዚን ነው። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ የተቆላ ቡና ሳይሆን ገና ሊቆላ የተጀመረ ቡና ነው የሚመስለው፤ ወደ ቡኒ ያዘነበለ ግራጫ። አንተ ቤንዚን እየነዳህ አይደለም፤ በማርሚታ እያፈሰስክ ነው።

አሁን አራት ነገር አሳይ። አንደኛ ቾኩን፤ ማለት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠብበውን ክዳን። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ክፈትና ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ተመልከት። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ያቺ ክብ ሳህን ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ሁለተኛ የተንሳፋፊዋን መርፌ፤ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ሲበቃ የምትዘጋውን። ሦስተኛ ጅግሌሩን፤ ማለት ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳዋን ብሎን። ማንም በሽቦ ወግቷት ከሆነ ሰፍታለች፤ መጣል ነው። አራተኛ ማጣሪያውን ራሱን።

አንድ ነገር ደግሞ ከከተማህ ጋር የተያያዘ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይቀጥናል። (ባሕር ዳርን አላልኩም፣ የባሕር ዳርቻ ነው ያልኩት።) ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መቅጠኑን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንዳለ ያፈሳል። ከፋብሪካ እንደወጣች ያልተስተካከለች መኪና ጅማ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ትሰክራለች። ጥሩ እጅ ያለው መካኒክ ትንሽ ያጠብቀዋል። ብዙ ካጠበቀው ደግሞ ቫልቭ ያቃጥላል። ትንሽ።

የአዌቱ ልጅ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)፦

ሰላም ናችሁ? ጠፋሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተር ሻጭ ይጠፋል፤ ታውቁታላችሁ።

የሆነውን ልንገራችሁ። አጂፕ አካባቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ጋራዣቸው ጋራዥ አይባልም፤ አንድ ዋንዛና አንድ ቆርቆሮ ነው። የጋሼን አራት ነገር በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ። የከፋቸው መስሎኝ ነበር። «ይኼን የጻፈው ሰው መሬት ላይ ተኝቶ የሠራ ነው» ብለው ኮፈኑን ከፈቱ።

ቾኩ ግማሽ ተዘግቶ ነው የኖረው። ሽቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ተጣብቋል። እኔ ከውስጥ ስገፋው የሚገባው ፕላስቲኩ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ እንደነዳሁ እግዜር ይወቀው። ተንሳፋፊዋን ፈትተው በጆሯቸው አጠገብ አንቀጫቀጩና እኔም እንድሰማ ሰጡኝ። ውስጧ ቤንዚን ይንጨባረቃል። ተሰንጥቃ ውስጧ ሞልቷል፤ መንሳፈፍ ሲገባት ሰጥማለች። ስለዚህ መርፌዋ አትዘጋም፤ ቤንዚኑ ያለ ልክ ይመጣል። ጅግሌሩንም አይተው ሳቁ። «ይኼን በመርፌ ቁልፍ ነው የወጉት» አሉ። ማን እንደወጋው አልጠየቅኩም። አባቴ ሊሆን ይችላል።

የአየር ማጣሪያውን መሬት ላይ መታ ሲያደርጉት የወጣው አፈር ግማሽ ሲኒ ይሞላል። የሰቃ መንገድ ነው።

አምስተኛ ነገር ራሳቸው ጨመሩ። ትንሽ ነድተን ከተመለስን በኋላ አራቱንም ጎማ በመዳፋቸው ነኩ። የፊት ግራው ይፋጃል። ፍሬኑ ይዞ አይለቅም ነበር። «ልጄ፣ አንድ እግሯን አስረህ ነው የምታስሮጣት» አሉኝ።

የካርቡራተሩ ዕቃ ጅማ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ መጣ። የዕቃው፣ የፍሬኑና የእጃቸው ሁሉ ተደምሮ 4,200 ብር ወጣብኝ። ጎማውንም አስነፋሁ፤ ለካ ሦስቱ ለስላሳ ነበሩ።

አሁን ልኬቱ። እንደበፊቱ ሞልቼ ሰቃ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። 11.5 ኪሎ ሜትር በሊትር። አላመንኩም፤ በሳምንቱ ደገምኩት። 11.4። ስለዚህ በወር 97 ሊትር የነበረው 68 ሆነ። ወደ 30 ሊትር ነው የተረፈኝ። በአንድ ወር ተኩል ወጪዬን እመልሳለሁ። ሰልፍም በሳምንት አንዴ የነበረው በአሥር ቀን አንዴ ሆኗል። ሌሊት 11 ሰዓት ከመነሳት ያተረፍኩትን እንቅልፍ በብር አልተመንኩትም።

ስለዚህ ለጊዜው አልቀይራትም። ቂጦ የነገረኝን አስቤበታለሁ። ከታች ተኝቼ አየኋት፤ በሹፌሩ በኩል ወለሏ ዝጓል። ለእሷ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ መግዛት ላረጀ ቤት አዲስ በር እንደ ማስገጠም ነው የሆነብኝ። ሊያዋጣኝ የሚችለው ገንዘብ አጠራቅሜ ያገለገለ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ነው። ያኔም እሷን አልሸጥም። ሚስቴ ይህን አታነብም ብዬ ነው።

የአጋሮ ሹፌር፦

እኔም ዛሬ ካንዴላዬን ላስፈታ ነው። የመካኒኩን ስልክ ስጠን እንጂ።

የአዌቱ ልጅ፦

ስልክ አያነሱም። ዋንዛው ሥር ታገኛቸዋለህ። ዓርብ ግን ከጁምዓ በፊት አትሂድ። ጥቁር ቆብ፣ አፋቸው ላይ ሁልጊዜ መፋቂያ አለ። ደግሞ «ወደ ጋዝ ቀይሩልኝ» እንዳትላቸው። እኔ ለጨዋታ ያህል አንስቼባቸው ሰዓት ሙሉ ተቆጥተውኛል።

ቂጦ፦

11.5 ለ40 ዓመት የዕድሜ ባለጠጋ በጣም ጥሩ ነው። ወለሏን ግን አስበይድ፤ ዝገት አይቆምም። አንድ ጥያቄ፦ ያ ለመኪናው የታሰበው የወጥ ቤት ሲሊንደርስ?

የአዌቱ ልጅ፦

እሱማ ለበያጁ ልሰጥ ብዬ አስቀድሜ ገዝቼው ነበር፤ ሳትነግሩኝ። አሁን ሚስቴ ሽሮ እየሠራችበት ነው። ከዚህ ሁሉ ውይይት የተስማማችበት ነገር ይሄ ብቻ ነው።